ሽንኩርት ያላየ ኪችን

ባለፈው እሁድ የአክስቴ ልጅ አዲሱን ቤቷን አስመረቀች። አያት አካባቢ፣ ጂ ፕላስ አንድ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ወደ ሳሎን ላመራ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ወንድምዬ፣ መጀመሪያ ኪችኑን እይልኝ!»

ዘመኑ ገብቶኛል። ሳሎን ማሳየት ቀርቷል። ሶፋና ቴሌቪዥን ማን የሌለው አለ? ዛሬ ጉብኝት ከኪችን ተነስቶ ባኞ ቤት ላይ ነው የሚያልቀው። ድሮ እንግዳ ማጀት ብቅ ካለ ነውር ነበር። የማጀት ጉድ ከመጋረጃ ኋላ ይቀር ነበር። እንኳን ከዚያ ጨለማ ወጣን።

ኪችኑ ነጭ ነው። ነጭ ስል የፋሲካ ነጠላ ዓይነት ነጭ። ካቢኔቶቹ እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ፣ እጀታ የላቸውም። አንዱን ልከፍት ብዬ ከላይ ብዳብስ የለም፣ ከታች ብዳብስ የለም። «ጫን በለው» አለችኝ። ጫን ስለው ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነው። ስዘጋው አምስቱም ጣቶቼ በሩ ላይ ታትመው ቀሩ፤ ለመታወቂያ አሻራ የሰጠሁ ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ የአክስቴ ልጅ ጨርቅ ይዛ ከኋላ ከኋላዬ እየጠረገች ተከተለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ጥበብ አለ? ማንም የማይነካው ካቢኔት አያረጅም። ካቢኔቱ የተሠራበት ኤምዲኤፍ የሚባለው የታመቀ እንጨት ውሃ ከጠጣ እንደተነከረ ሽምብራ እንደሚያብጥ ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ውሃ አለማስነካት ነው። እዚህ ቤት ይህ በሚገባ ታስቦበታል፤ ወደ ውሃው በኋላ እመለሳለሁ።

መሀል ላይ አይላንድ አለ። ደሴት ማለት ነው። አገራችን የባህር በር ካጣች 30 ዓመት አልፏታል፤ ሕዝቡ ግን ተስፋ አልቆረጠም፣ በየቤቱ ደሴት እያስገነባ ነው። የዚህኛው ደሴት ገጽ የጣሊያን እብነ በረድ የሚመስል የቻይና ሴራሚክ ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከዳለቲ የሚወጣ የራሳችን እብነ በረድ አለን፤ ግን ከቅርብ የመጣ ነገር እንዴት ለእንግዳ ይነገራል? ደሴቱ ላይ ሎሚ የሞላበት ሳህን ተቀምጧል። አንዱን አንስቼ ባሸተው ፕላስቲክ ነው።

ኪችኑ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ የለውም። ኦፕን ነው። ይህን የፈለሰፈውን ሰው ባገኘው እጁን እስመዋለሁ። ሽንኩርት ሁለት ሰዓት ሙሉ የማይቁላላበት፣ በርበሬ ሲነሰነስ ቤተሰቡ በዜማ የማያስነጥስበት አገር ሰው መሆን አለበት። የዶሮ ወጥ ሽታ ክሬም ቀለም ያለው ሶፋ ውስጥ ገብቶ እስከ ጰራቅሊጦስ እንደሚቀመጥ አልተነገረውም። ደግነቱ ምድጃው በላዩ ላይ ሁድ አለው። የሁዱ ጭስ ማውጫ ወዴት እንደሚሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። ጂፕሰሙ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ።

ምድጃው ራሱ ጥቁር መስታወት ነው፣ ኢንዳክሽን የሚባለው። ይህ ምድጃ ማግኔት የማይዘውን ዕቃ አያሞቅም። የሸክላ ጀበና ብታስቀምጥበት ጀበናው እንደተቀመጠ ይቀዘቅዛል። ተራ የአሉሚኒየም ድስትም እንደዚያው። በአጭሩ በአክስቴ ቤት ካሉት ዕቃዎች አንዱንም አይቀበልም። እንዲህ ያለ ጨዋ ምድጃ አይቼ አላውቅም። አያቃጥልም፣ አያሳርርም፣ ወጥ አይገነፍልበትም።

«ታዲያ ምግቡ የት ነው የሚሠራው?» አልኩኝ።

የአክስቴ ልጅ በልጅ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው ሳቀች። «ኧረ ትራዲሽናል ኪችን አለ! ጓሮ ነው።»

የቤት ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። ደላላው ስልኩን ይዞ በየክፍሉ እየተሽከረከረ «ማስተር ቤድሩም፣ ሞደርን ኪችን፣ ትራዲሽናል ኪችን፣ የሠራተኛ ክፍል» ይላል። ሞደርኑን ሦስት ጊዜ ይዞረዋል፤ ትራዲሽናሉ ጋ ሲደርስ ቪዲዮው ይቆረጣል። ነገሩ ሲገባህ ግሩም ነው። ማጀታችንን አውጥተን ለእንግዳ አሳየን። ከዚያ የሚደበቅ ነገር ስለጠፋ ከጓሮ ሌላ ማጀት ሠራን።

በነገራችን ላይ እነዚህ ካቢኔታቸው ከግድግዳ ግድግዳ የሚገጠም ኪችኖች አያት አላቸው። በ1926 እ.ኤ.አ. ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ጀርመን ፍራንክፈርት ውስጥ ለተራ ቤተሰቦች ትንሽዬ ኪችን ነደፈች። ስፋቷ 6 ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። የሴትዮዋ ጭንቀት የሴቶቹ ጉልበት ነው። ከምድጃ ወደ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያ ወደ መደርደሪያ ሲመላለሱ እንዳይደክሙ እርምጃ እየቆጠረች ሁሉን እጅ በሚደርስበት አስቀመጠችው። የኛ ሰው ይህን ሐሳብ አሻሽሎታል። ፍሪጁ ሞደርኑ ውስጥ ነው፤ ባለ ሁለት በር ስለሆነ መታየት አለበት። ምድጃው ጓሮ ነው። አክስቴ ቅቤ ልታወጣ ስትመጣ ቆጠርኩላት። ሲኬድ 27 እርምጃ፣ ሲመለስ ደግሞ 29፤ ደረጃው ላይ ትንሽ ስለምታርፍ ነው። ስፖርት ቤት ገንዘብ ከፍሎ ከመሄድ ይሻላል።

ምጣዱ ለምን ወደ ሞደርኑ እንዳልተጋበዘም ጠየቅኩ። ካቢኔት የሚገጥመው ልጅ ለክቶ ነግሯቸዋል። የኪችን ካቢኔት ጥልቀት በዓለም ሁሉ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ብቻ ወደ 60 ይጠጋል፤ ከነቆርቆሮው፣ ከነአከምባሎው የትም አይገባም። ሲሰካ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እንጀራ በቀን ሦስቴ የሚበላ ሕዝብ ምጣድ የማይገባበት ኪችን ሠርቶ መኩራቱ የመንፈስ ጥንካሬ ይጠይቃል። ጃፓኖች ሩዝ የማይቀቀልበት ቤት ለመሥራት ድፍረቱ ያላቸው አይመስለኝም።

ኮፊ ኮርነሩን ዘለልኩት። ማሽኑ ከነላስቲኩ ነው። ቡናው ጓሮ፣ በከሰል እየተፈላ ነበር።

ወደ ባኞ ቤት ወጣን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሳይሆን አንደኛው ላይ ነው፤ ትንፋሼ ግን ሁለተኛ ነው ያለኝ። በሩ ሲከፈት ከጂፕሰሙ ውስጥ ሰማያዊ መብራት በራ። ሽንት ቤት መቀመጫው ወለል አይነካም፤ ከግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። ከባድ ሰው ነኝና በአክብሮት ራቅ ብዬ ቆምኩ። ቧንቧዎቹ ሁሉ ጥቁር ማት ናቸው። እንደ ከሰል የጠቆረ ቧንቧ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ከደረቀ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ግን አሁንም ወደዚያው ነጥብ ነው የምንመለሰው፤ ቤቱ ከእንዲህ ያለ አደጋ የተጠበቀ ነው። የሻወሩ ራስ ምጣድ ያህላል። (በመጨረሻ ምጣድ የሚያህል ነገር ከዋናው ቤት ገባ!) «ሬይን ሻወር ነው፣ እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው» አለችኝ። ከፈተችው። ጣሪያው ላይ ያለችው ሮቶ የቻለችውን ያህል ገፋች። ዝናብ አልልም። ካፊያ ነበር። ከዚያ አባራ።

ለገዳዲ ግድብ በዚሁ በምሥራቅ በኩል ነው፣ ከአያት ሩቅ አይደለም። የሰፈሩ ውሃ ግን በፈረቃ ነው፣ ያውም ፈረቃው ካልተዘለለ። በመስታወት ከታጠረው ሻወር ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። ከላዩ ባፍ፣ ከባፉ ውስጥ ጆግ።

«እሱን አትየው» አለችኝ።

እንዴት አላየውም? በዚያ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ያለው ብቸኛ ዕቃ እሱ ነው። አሁን ፎቶ ሲነሳ በፎጣ ይሸፈናል አሉ። ዲዛይነሮቻችን ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም፤ የእብነ በረድ በርሜልና ወርቃማ ጆግ ያወጣ ሰው በአንድ ዓመት ይከብራል።

ከበርሜሉ አጠገብ ጃኩዚው አለ። ጃኩዚ የሰው ስም መሆኑን ስነግራት አላመነችም። ከጣሊያን አሜሪካ የተሰደዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሥራቸው ፓምፕ ነበር። የአንዳቸው ልጅ በሕፃንነቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዘው። ሆስፒታል የሚያገኘውን የውሃ ሕክምና ቤቱም እንዲያገኝ ባኞ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሠሩለት፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያም አወጡት። ለሕመምተኛ ልጅ የተሠራ ነገር ነው። እኛ ደግሞ ሒሳቡን እንሥራ። የዚህ ቤት ጃኩዚ 300 ሊትር ይይዛል ተብሏል። ጀሪካን 20 ሊትር ነው። 15 ጀሪካን በደረጃ ማውጣት ማለት ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም የሌለበት ሰው እንኳ አሥረኛው ላይ ይጀምረዋል። ከዚያ ገብቶ ይታከምበታል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ላነሳ ነበር፤ ግን ምርቃት ላይ አይባልም።

ይህ የሀብታም ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ጓደኛዬ ቁልፍ በተረከበ በሳምንቱ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ በመዶሻ አወረደው። ዲዛይኑ ጊዜው አልፏል ብሎ ነው። የሱ መታጠቢያ ቤት ቆሞ ሳሙና ሲቀባ ክርኑ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካል። እዚያች ላይ ኤልኢዲ መስታወት፣ ተንጠልጣይ ሳጥንና የቀርከሃ ተክል አስገባባት። አሁን የሚታጠበው በተራ ነው፦ መጀመሪያ ተክሉ ይወጣል፣ ከዚያ እሱ ይገባል።

ምሳው ቀረበ። አይላንዱ ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ወንበሮች ላይ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ፎቶ ተነሱ፤ ሲበላ ግን ሁሉም ወረደ። ከምሳ በኋላ ሰው አንድ በአንድ ጠፋ። ሳሎኑ ውስጥ እኔና ሶፋው ቀረን። ድምፅ ወዳለበት ስሄድ ጓሮ ደረስኩ። ትራዲሽናል ኪችን ውስጥ ሰው ተጠጋግቶ ሞልቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል፣ ገና በወሩ። ዱካ ላይ የተቀመጠ፣ የተገለበጠ ሳፋ ላይ የተቀመጠ፣ የቆመ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። አክስቴ ከምጣዱ ዳር እየቆረሰች ትኩስ እንጀራ በእጅ በእጃችን ታድላለች።

«ና የኔ ልጅ፣ እዚህ ሙቅ ነው» አለችኝ። «ያ ቤት ይበርዳል።»

ልጇ ሰምታ ዝም አለች። እሷም ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ነበር።

አቦል፣ ቶና አልቆ በረካው ሊቀዳ ሲል ከግቢው በር በኩል ዘበኛው ጮኸ። «ውሃ መጣችችች!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም፤ የሁሉም እጅ ተይዟል። በሐበሻ ልብስ የመጣው እንግዳ ሁሉ ጎማ የሚጎትት፣ ባልዲ የሚያቀብል ሆነ። በርሜሉ ሞላ። ሮቶዋ ሞላች። ጀሪካኖቹ ሞሉ። ውሃው ግን አልቆመም።

የአክስቴ ልጅ ጎማውን ይዛ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ስከተላት ጃኩዚው ውስጥ ጨምራዋለች። ውሃው ነጩን ሆድ እየሞላ ሽቅብ ሲል ሁለታችንም ጠርዙን ይዘን ቆመን አየነው። ሰማያዊው መብራት ላዩ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«አየህ አይደል?» አለችኝ እያለከለከች። «ለአሥር ቀን ይበቃናል። ይሄ ጃኩዚ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?»

ሰኞ ጠዋት መርካቶ ሄጄ ዋጋ ጠየቅኩ። ሻጩ ስለ ፓምፑ ጉልበት ሊያስረዳኝ ጀመረ። አቋረጥኩት። «ክዳን አለው?» አልኩት።