ማሰሪያው እንዳይቆሽሽ

የእኛ የወሎ ሹፌር ንብረት አያያዝ ያውቅበታል። የማያምን የሐረጎን ቁልቁለት ይውረድ። ከፊቱ አንድ አይሱዙ አያጣም፤ ጭነቱ በየጠመዝማዛው እስክስታ እየመታ።

ኮምቦልቻ ሲቆም ጠጋ ብዬ ማሰሪያውን አየሁት። ጫፉ ሲባጎ፣ መሀሉ ከጎማ የተቀደደ ላስቲክ፣ መጨረሻው የነጠላ ጥለት። ቋጠሮውን ቆጠርኩ፤ አስራ አንድ። ቋጠሮ የገመድን ጉልበት እስከ ግማሽ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ምቀኞች!

ሹፌሩ እኮ ደህና የጭነት ቀበቶ አጥቶ አይደለም። ባለ ማጥበቂያ፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት፣ ከነላስቲኩ ከወንበሩ ጀርባ ተቀምጧል። "ለምን አታስርበትም?" አልኩት።

"ይቆሽሻላ!"

ያገለገለው ቀበቶ ደግሞ ጭነት ባይኖርም ከላይ አይወርድም። በጋ ከክረምት እዚያው ነው። ቀለሙ ነጥቷል፣ ጠርዙ ተተልትሏል። ቀበቶው የተሠራበትን ፖሊስተር ፀሐይ ይበላዋል ይሉናል። ይብላ! እንግዳ ተቀባዮች አይደለን?

የባቲ ግመል ጫኝ ግን አልሰለጠነም። ዛሬም ጠፍሩን ቅቤ ይቀባል፣ ከዝናብ ይሸሽጋል፣ ጥቂት ሄዶ ጭነቱን መለስ ብሎ ያጠብቃል። ምን ያለ ጭንቀታም ነው!

ባለፈው ወር ወልዲያ አይሱዙ ለሚነዳው ለእህቴ ልጅ አንድ ጆንያ ሙሉ አዲስ ቀበቶ በአውቶቡስ ላክሁለት። ረዳቱ ፖርቶመጋላ ላይ ሰቀለና በአንዲት ሲባጎ ሸብ አደረገው።

"ወንድሜ፣ ጆንያው ውስጥ ያለው ማሰሪያ ነው። አንዱን አውጣና እሰርበት።"

"የሰው እቃ አንነካም ጋሼ። አብሽር!"

እንዲህ ያለ ታማኝ ልጅ የት ይገኛል? ሐይቅን በሰላም አለፉ። ውጫሌ ሲደርሱ የሲባጎው ውል ተፈታ። አይፈረድበትም፤ በ1881 የተፈረመውም ውል አልጸናም። ጆንያው ሳያስፈቅድ ከመኪናው ወረደ። ከኋላ የሚመጣ ባለመኖሩ ተመስገን ነው።

ረዳቱ ወዲያው ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ምንም አልሆነም። ላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደ!" ጆንያውን መልሰው ሰቀሉት። በዚያችው ሲባጎ፣ አንድ ቋጠሮ ጨምረውላት።

ማታ የእህቴ ልጅ ደወለ። ምርቃቱን አዘነበብኝ። "እንዲህ ያለ እቃማ ለጭነት አይሆንም ጋሼ" አለኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል።