ቦሱን ተዉት፣ የጨረሰኝ መንገዱ ነው

ኧረ እነዚህን የፕላትፎርም ጌም፣ ማለትም እየዘለልክ ገደል የምታልፍበት ጌም ሠሪዎች አንድ ሰው ይጠይቅልኝ። ቦስ የሚባለውን፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅህን ዋና ጠላት፣ የሚያስቀምጡት ለጌጥ ነው እንዴ?

ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ አንዲት ጌም ቤት አለች። ሰው ሁሉ ፊፋ ላይ ስለሚረባረብ ጥግ ላይ ያለችውን አሮጌ ፕሌይስቴሽን የሚነካት የለም። ከሥራ ስወጣ እኔ እይዛታለሁ። የምጫወተው እ.ኤ.አ. የ1996ቱን ክራሽ ባንዲኩት ነው።

የመጀመሪያው ቦስ ፓፑ ፓፑ ይባላል። ቦርጩን ገፍቶ ዘንጉን ያሽከረክራል። ጭንቅላቱ ላይ ሦስት ጊዜ ትዘልበታለህ፣ በቃ። ሻይህ እንኳን አይቀዘቅዝም።

ቆይቶ ግን ያ ጭጋግ የዋጠው የገመድ ድልድይ ይመጣል። ግማሹ ሳንቃ የለም። ያለውም ስትረግጠው ይወድቃል። መሀል ላይ ኤሊ፣ ኤሊውን ስታልፍ ከርከሮ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ስንቴ ስሻገረው ከእግሬ ሥር የከዳኝ ነገር የለም! ከኋላዬ የሚቆሙት ልጆች ደግሞ፦ «ጋሼ ዝለል! ጋሼ አሁን! ኤጭ!» ጋሼ መባሉ ከመውደቁ ይብሳል።

ሴቭ ማድረግም፣ ማለትም የደረስክበትን ማስቀመጥም፣ እንደ ልብ አይደለም። ወይ የቦነስ ዙሩን መጨረስ፣ ወይ ዕንቁ ማግኘት አለብህ። ልትደርስ ስትል መብራት ይሄዳል። ሂሳቡን ግን ትከፍላለህ።

ነገሩ የክራሽ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1988ቱ ኒንጃ ጋይደን ላይ ወፍ መጥታ ትገጭሃለች፣ ወደ ኋላ ትፈናጠራለህ፣ ገደል። ደምህ፣ ማለትም ስትመታ የሚቀንሰው የጉልበት መለኪያህ፣ ሙሉ ሆኖ ትሞታለህ! ሜጋ ማን 2 ላይም ኩዊክ ማን የሚባለው ቦስ ጋ ለመድረስ በአንድ ንክኪ በሚገድል ጨረር መሀል ቁልቁል መውረድ አለብህ። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ ማሪዮማ ይባስ። ቦሱን ባውዘርን መምታት ራሱ አያስፈልግም፤ አልፈኸው መጥረቢያውን ከነካህ ድልድዩ ተንዶ እሱ ይወድቃል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቦስ ጋ ብዙ ጊዜ ወለሉ ደልዳላ ነው፣ ገደል የለም። ቢመታህም ደም ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አትሞትም። እሱም ያንኑ እየደጋገመ ስለሚያደርግ ትለምደዋለህ። ገደል ግን ደም አይቆጥርም።

«የመዝለል ጌም ነው፣ ዝላዩ ይክበድ እንጂ» የምትሉ ታውቃላችሁ። ይክበድ! ግን ቦሱም በዚያው ዝላይ ይፈትነኝ። ያን ሁሉ ንዴት ተሸክሜ የምወጣበት ሰው ስፈልግ፣ እሱ ገና ሳልሞቅ ይወድቅብኛል።

አንዱ ልጅ ታዲያ ጆሮዬ ላይ «ሳንቃውን ተወው፣ ገመዱ ላይ ሂድ» አለኝ። ለካ ይቻላል! አጭበረበርክ የሚለኝ ካለ መጀመሪያ ያን ድልድይ በሳንቃው ይሻገር። ማታ መብራት ካለ በገመዱ ነኝ። «ፊፋ እንጫወት» የምትሉኝም ተዉኝ።