ሁለተኛዋ ታንኳ

ባሕር ዳር ውስጥ ሐሳብ ያጣ ወጣት እስካሁን አላጋጠመኝም። ጣና ዳር ቡና ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጡ ሁለት ሦስት የሥራ ሐሳብ ሰምታችሁ ትነሳላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንዱ ደፍሮ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሙከራ ይበላሽበታል። ሰፈሩ «ብለን ነበር» ይላል። ነገሩም እዚያው ይቀራል።

አንዲት የማውቃት ልጅ ከእምቦጭ አገዳ ቦርሳ መሥራት ጀመረች። ሐይቃችንን የወረረው አረም ነው። የመጀመሪያዎቹን ቦርሳዎች የሠራችው ክረምት ላይ ስለነበር አገዳው ውስጡ በደንብ አልደረቀም። ሳይሸጡ ሻገቱ። ቤተሰብ «አርፈሽ ሥራ ፈልጊ» አላት። እሷ ግን አገዳው ስንት ቀን ፀሐይ እንዳገኘ ደብተሯ ላይ ጽፋ ነበር።

እሷን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል ነው። ሰውዬው የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ሠርቶ ማሳየት ፈለገ። ደንገሉን ያገኘው ከኛው ጣና ነው። ግብፅ ተወስዶ ፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጀልባውን ሠሩት። «ራ» ተባለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሳች። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደች በኋላ ባርባዶስ ልትደርስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ፈራረሰች።

ለምን? በጥንቱ የግብፅ የጀልባ ሥዕል ላይ ቀና ያለውን የኋላ ጫፍ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ አለ። ጥቅሙ ስላልታያቸው «ራ» ላይ ተዉት። ጭራዋ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ዘመመ። አንድ ገመድ!

በዓመቱ ሁለተኛዋ ተሠራች። ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነው፤ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ መጡ። «ራ 2» በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የነበረው ሥራ ምን እንደተበላሸ ለይቶ ማወቅ ነው። ለእኔ ዕቅድ ማለት ይኼ ነው። ለብድር ሲባል በክፍያ የሚጻፈውን ወፍራም ቢዝነስ ፕላን ዕቅድ ለማለት ይከብደኛል።

የጣና ታንኳ ሠሪዎች፣ ወይጦዎቹ፣ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ታንኳዋን ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ያስመቷታል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜዋ የወራት ነው። አንዷ ስታረጅ ሌላ ይሠራሉ እንጂ ማንም «ከሸፈ» አይላቸውም።

ለወጣቶች ገንዘብ የምትሰጡ፣ የፈጠራ ውድድር የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ገንዘቡን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አትስጡ። ከፊሉን ለሁለተኛው ሙከራ አስቀምጡት። ምን እንደተበላሸና ምን እንደሚለውጥ ጽፎ ለመጣ ስጡት። አሁን ባለው አሠራር የመጀመሪያው ሲበላሽ ልጁ እጁ ላይ የሚቀረው ዕዳ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የተማረውን የሚጠቀምበት ሌላ ዕድል የለውም።

ልጅቷ ከመስቀል በኋላ ፀሐዩ ሲጠነክር እንደገና ጀምራለች። እስካሁን የሻገተ የለም። አሁን የቸገራት መጪው ክረምት ነው። ከላይ ላስቲክ የለበሰ፣ ጎኑ ንፋስ የሚያስገባ ማድረቂያ ዳስ ያስፈልጋታል። ወጪውን እስከ ሚስማሩ ድረስ ደብተሯ ላይ አስፍራዋለች።