መቀስ ያልያዘች ልብስ ሰፊ

ባለፈው ዓመት ደሴ ውስጥ የልብስ ስፌት የሠለጠኑ ልጆች ሲመረቁ ተጋብዤ ነበር። ባነር ተሰቅሏል፣ ለስላሳ ተደርድሯል፣ ሰርተፍኬት ታደለ፣ ፎቶ ተነሣን። ሥልጠናው የሦስት ወር ነው። ከልጆቹ ገሚሱ ከሳዑዲ ተጠርዘው የመጡ ናቸው፤ ገሚሱ ደግሞ ገና ያልሄዱ፣ ግን ደላላ ቤታቸው መመላለስ የጀመረባቸው። ሲያልቅ አንዷን ለጨዋታ ያህል የሱሪዬን እግር እያሳየሁ «ይቺን ታሳጥሪልኛለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «ኧረ ጋሼ፣ መስፋት እንጂ መቁረጥ አልተማርንም» አለችኝ።

አብሬያት ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ልብስ ሰፊ ጋ ተቀምጦ ያወራ ሰው ያውቀዋል፤ ስፌት ውስጥ ሁለት ሙያ አለ። አንዱ መኪናው ላይ ተቀምጦ ተቆርጦ የመጣውን ማያያዝ ነው። ሌላው ልክ መውሰድ፣ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ማስመር፣ ከዚያ እጅ ሳይንቀጠቀጥ መቀሱን ማስገባት ነው። ቅድ የሚባለው። ቅድ የምትችል ሴት የትም ከተማ በረንዳ ተከራይታ ሲንጀሯን ትዘረጋለች። መስፋት ብቻ የምትችለው ቀጣሪ ትጠብቃለች። አንዴ በስህተት የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም፣ ጨርቅ ደግሞ ውድ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ቦታ መቀሱ አሠልጣኙ እጅ ላይ ይቀራል። ልጆቹ ቀጥ ያለ መስመር ሲሰፉ ሦስት ወሩ ያልቃል።

ለፋብሪካ ከሆነ ይበቃል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ሁላችንም አጨብጭበናል፣ እኔንም ጨምሮ። ፋብሪካ ውስጥ አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ ኪስ ትለጥፋለች። ዓመት ሙሉ እጅጌ ስትገጥም የኖረች ልጅ ስትወጣ አንድ ሸሚዝ ከአንገት እስከ ጫፍ ላትሰፋ ትችላለች። ደመወዙስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት መነሻውን በወር 26 ዶላር ብሎታል፤ ያኔ የግሉን ዘርፍ የሚያስገድድ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም አልነበረም። ደላላው የሚጠራላት 1000 ሪያል ነው፣ ወደ 267 ዶላር ግድም። አሥር እጥፍ! ይሄን ሒሳብ ለመሥራት ስምንተኛ ክፍል መጨረስ አያስፈልግም። የፋብሪካው ሥራም ቢሆን አልቆየም፤ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ ገበያዋ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ብዙ ልጆችም ሥራ ፈቱ።

መከልከልም ሞክረናል። ጥቅምት 2006 መንግሥት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን አገደ፣ በዚያው ሰሞን ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው መለሰች። እገዳው ዓመታት ቆይቶ በ2010 ተነሣ። በመሀል ልጆቹ መሄድ አቆሙ? በመተማ ወደ ሱዳን፣ በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ደርሰው በጀልባ ወደ የመን። ቪዛ የነበረው ጉዞ የበረሃ ጉዞ ሆነ። ሕግም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግድን በከባድ እስራት ይቀጣል። ግን እኮ ደላላው አብዛኛውን ጊዜ የሰፈር ልጅ ነው፣ የአክስት ባል ነው፣ ለቅሶ ላይ አብሮን የሚቀመጥ ሰው ነው። ማን ሄዶ ይመሰክርበታል?

በነገራችን ላይ መንገዱን አውቃ፣ ውሏን አንብባ፣ በሕጋዊ መንገድ ለምትሄድ ልጅ ተቃውሞ የለኝም። እኔ የማወራው በሬ ተሽጦላት ስለሄደችው ነው። ፓስፖርቷን ካፊሉ (በስሙ ያስመጣት አሠሪ)፣ ስልኳን ማዳሟ ይዘውባት ኖራ፣ አንድ ቀን በፌስታል ልብሷን ይዛ ቦሌ ስለምትወርደው። ሰፈር ስትገባ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይሏታል። የላከችው ብር ቆርቆሮ ሆኖ የወላጆቿ ጣሪያ ላይ አለ፤ እሷ ግን የአውቶብስ ሒሳብ የላትም። እንዲህ ላለችው ልጅ ሰርተፍኬት ሰጥተን ፎቶ ስንነሣ ምን እንዳሰብን አላውቅም። ሲንጀር የሚሰጡም አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን የተሰጣትን ሲንጀር ሸጣ ለደላላ የከፈለች ልጅ አውቃለሁ። አልፈርድባትም። ቅድ አታውቅም፣ ደንበኛ የላትም፣ መኪናው ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ከማየት መሸጡ ይሻላት ነበር።

ሥራ ግን አለ። አዲስ ልብስ ስላስወደደብን ሰው ሳልቫጅ ገዝቶ በልኩ ያሠራል፤ ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። ከነሐሴ እስከ መስከረም ደግሞ ዩኒፎርም አለ። እናቶች ጨርቁን በፌስታል ይዘው በየበረንዳው ሲሰለፉ ነው የሚከርሙት። ሁሉም መቀስ ይፈልጋል። ዩኒፎርም ስትሰፋ ልጁ ዓመቱን ሙሉ እንደሚያድግ አስበህ ጫፉን አትርፈህ ማጠፍ አለብህ፤ ይሄን የሦስት ወር ሰርተፍኬት ላይ ማን ይጽፈዋል?

እኛ ሰፈር በረንዳ ላይ የምትሰፋ አንዲት ሴት አለች። ቤሩት ስምንት ዓመት ሠርታ የመጣች ናት። ተመራቂዋ ልጅ ያለችኝን ስነግራት ቀና ሳትል «እኔ ቅድ የተማርኩት በሲሚንቶ ወረቀት ነው» አለችኝ። ግንባታ ቦታ እየሄደች ባዶ ከረጢት ትለምናለች፣ አራግፋ ትተረትራለች፣ ወረቀቱ ላይ የቀሚስ ቅድ ታሰምርና ትቆርጣለች። ሲበላሽ ማንደጃ ይሆናል። አርባ ከረጢት ያህል ካበላሸች በኋላ ነው ጨርቅ የነካችው። ዛሬም መደርደሪያዋ ላይ የየቁጥሩ የወረቀት ቅድ ተጠቅልሎ አለ፣ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ «6 ዓመት»፣ «8 ዓመት» ተብሎ የተጻፈበት። ለሥልጠና የጨርቅ በጀት አነሰን የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ሦስቱን ወር ስድስት ያድርጉት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት እንዲህ ያለ በረንዳ ላይ ያስቀምጧቸው፣ ለባለ በረንዳዋም ለማስተማሪያዋ ይክፈሏት። ለባነርና ለለስላሳ የሚወጣው ብር ከዚህ ጥቂቱን ይሸፍናል ብዬ እገምታለሁ።

«ልጅቷን ልላክልሽ?» አልኳት።

«ይላኳት» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ግን ከሐምሌ በፊት ትምጣ ጋሼ። ዩኒፎርም ከገባ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም።»