«ለዚህኛው ስልክ አፕ የለንም»

ቆይ ግን፣ ሰው ሁለት ዓይነት ስልክ ብቻ ነው መያዝ ያለበት ብሎ የፈረደው ማነው? አንድሮይድ ወይ አይፎን። ከዚህ ውጪ የያዘ ሰው እንደ ጉድ ይታያል።

ይሄ ብሶት የተቀሰቀሰብኝ አንድ ግሩፕ ላይ አንዱ ጎረምሳ «ዊንዶውስ ፎን ቆሻሻ ነበር፣ እንኳን ሞተ» ብሎ ሲለጥፍ አይቼ ነው። ቆሻሻ! ይሄ ልጅ ስልኩ ሲሞት ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። እኔ ግን ይዤው ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ዝም አልልም። ረጅም ነው፤ የቸኮለ ላይክ አድርጎ ይለፍ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ሰፈር ስልክ ማለት ኖኪያ ነበር፣ አለቀ። ወድቆ ባትሪው አንድ ጋ፣ ክዳኑ ሌላ ጋ ይበታተናል። ለቃቅመህ ትገጥመዋለህ፣ ትከፍተዋለህ፣ ይሠራል። ታዲያ ሉሚያ የሚባለው ሲመጣ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ይጠይቃል? ኖኪያ የሚል ተጽፎበታል፣ በቃ። ውስጡ ግን ዊንዶውስ ፎን የሚባለው፣ ስልኩን የሚያሠራው የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ነበር። ነገሩ የተጠነሰሰው በ2011 ነው። ከማይክሮሶፍት መጥቶ የኖኪያ አለቃ የሆነው ስቲቨን ኢሎፕ በፌብሩዋሪ ለሠራተኞቹ አንድ ማስታወሻ ጻፈ። ባሕር መሀል ያለ የነዳጅ ማውጫ ይቃጠላል፣ እላዩ ላይ ያለው ሰው ወይ ይነዳል ወይ ይዘላል፣ እኛም እንደዚያው ነን ይላል። በቀናት ውስጥ ዘለሉ። ሲምቢያን የሚባለውን የራሳቸውን ሶፍትዌር ትተው የማይክሮሶፍትን ያዙ። ሲምቢያን ያለባቸው ስልኮች ገና መደርደሪያ ላይ ናቸው እኮ! አለቃው ራሱ አበቃለት ያለውን ዕቃ ማን ይገዛል?

ስልኩስ? ስልኩ ጥሩ ነበር። ምሬቴም እዚህ ላይ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሞተ ብዬ እተወው ነበር። በ2013 የወጣው ሉሚያ 520 ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ በዚህ ራም ካልኩሌተርም የሚከፈት አይመስለኝም። እሱ ግን ጣትህን ተከትሎ ነበር የሚሄደው። በዚያ ዋጋ የሚሸጡት አንድሮይዶች ስልክ ሲደወል እንኳን ለማንሳት ያቅማሙ ነበር። ካርታውን ዋይፋይ ስታገኝ አውርደህ ያለ ዳታ ትጠቀማለህ። ካርድ በሳንቲም በምንቆጥብበት ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት ሉሚያ 1020 ባለ 41 ሜጋፒክስል ካሜራ ሆኖ መጣ። በ2013! ሰው አፉን ከፍቶ ነው ያየው።

ጉድለቱንም አልደብቅም። የመጀመሪያው፣ ዊንዶውስ ፎን 7፣ በብሉቱዝ ፋይል አይልክም ነበር። እንዴ! ያኔ ዘፈን ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በብሉቱዝ ነው። «እስቲ እሷን ዘፈን ላክልኝ» ስትባል «አይልክም» ብሎ መመለስ፣ ያውም ውድ ስልክ ይዘህ! ኮፒ ፔስት እንኳን የመጣለት ስልኩ ከወጣ ከወራት በኋላ ነው። በጎንህ ተኝተህ ስታነብ ገጹ እንዳይገለበጥ የሚያደርግ መቆለፊያ እስከ 2013 መጨረሻ አልነበረውም። የጥሪውና የዘፈኑ ድምፅ አብሮ ነው የሚጨምር የሚቀንሰው። ዘፈን ዝቅ አድርገህ ከረሳኸው የሚደወለውንም አትሰማም። ከአፕ ወጥተህ ስትመለስ ደግሞ «ሪዙሚንግ» የምትል ጽሑፍ ነጠብጣቧን አስከትላ ትቀበልሃለች። ትጠብቃለህ እንግዲህ። ግን ይሄ ሁሉ እየተስተካከለ ነበር። በ2014 የ8.1 ስሪት ሲወጣ አብዛኛው ተቃልሏል።

ያልተቃለለው የአፕ ጉዳይ ነው።

ሜክሲኮ ጋ ተራ የያዘ ባዶ ሚኒባስ አስቡት። ረዳቱ «የሞላ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል፣ ውስጡ ግን አንድም ሰው የለም። ሰው አይገባም፣ ምክንያቱም ገብቶ እስኪሞላ መጠበቅ አለበት። ታክሲው አይሄድም፣ ምክንያቱም ሰው አልገባም። ጎኑ የቆመው፣ ሁለት ሰው ብቻ የቀረው ግን ወዲያው ይሞላና ይሄዳል። ዊንዶውስ ፎን ያ ባዶው ነበር። አፕ ሠሪው «ተጠቃሚ የለም» ይላል፣ ተጠቃሚው «አፕ የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ የሚያናድደውም ይሄ ነው። በትልልቆቹ የአውሮፓ አገሮች በ2013 ከሚሸጡት ስማርት ስልኮች ወደ 10 በመቶ ተጠግቶ ነበር። በዓለም ደረጃ ግን ወደ ላይ አለ አለና 4 በመቶ ሳይሞላ ቀረ። ኢንስታግራም የመጣለት በ2013 ኖቬምበር ነው፣ ያውም በሙከራ ስሪት። ስናፕቻት ጭራሹን አልመጣም።

ማይክሮሶፍት ገንዘብ አልነፈገም፣ እውነቱን ለመናገር። በ2013 አሜሪካ ላሉ ፕሮግራመሮች ለአንድ አፕ 100 ዶላር እሰጣለሁ አለ። እስቲ ንገሩኝ፣ በ100 ዶላር ምን ዓይነት አፕ ይሠራል? ስቶሩ በግሳንግስ ተሞላ። የታወቁ አፖችን ስምና አርማ መስለው የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ሁሉ ገቡበት። በ2014 ማይክሮሶፍት ራሱ ከ1,500 በላይ አሳሳች አፖችን ከስቶሩ ጠርጎ አወጣ። ቁጥር ለማሳመር ሲሮጡ መጨረሻው ይሄ ነው።

ጉግልስ? ጉግል ዩቲዩብን አልሠራላቸውም። ማይክሮሶፍት በ2013 በራሱ እጅ ሠራው። ማስታወቂያ የማያሳይ፣ ቪዲዮ የሚያወርድ አፕ ነበር፤ አውቆ ነገር ፍለጋም ይመስላል። ጉግል አንሱት አለ። ተነጋገሩ፣ ተስተካክሎ በኦገስት ተመለሰ፣ በቀናት ውስጥ እንደገና ተዘጋ። ሁለት ቢሊየነሮች ሲካረሩ ቪዲዮ ያጣው ማነው? 520 የያዘው ምስኪን።

ግን ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ጉግል አይደለም። የጎዱን የራሳችን ሰዎች ናቸው። ኖኪያ ሉሚያ 900ን አሜሪካ ውስጥ በ2012 ኤፕሪል በታላቅ ድግስ ለገበያ አቀረበ። በጁን ማይክሮሶፍት ወጣና «አዲሱ ዊንዶውስ ፎን 8 በእነዚህ ስልኮች ላይ አይሠራም» አለ። የገዛው ሰው ስልኩ ገና ላስቲኩ አልተላጠም! ለማስታገሻ 7.8 የምትባል የመነሻ ገጽ ማሳመሪያ ሰጡት። እሺ፣ አንዴ ይሁን። ከዚያ ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ደግሞ ባለ 8ዎቹ ሉሚያዎች በሙሉ ያገኙታል ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ። በ2016 ማርች ዝርዝሩ ሲወጣ 520 የለበትም፣ 920 የለበትም፣ ያ 41 ሜጋፒክስሉ 1020 እንኳን የለበትም። እያንዳንዱ አዲስ ስሪት የቀደመውን አማኝ እየጣለ ነው የሄደው። ጥቂት ሰው ያለው ቤት ያሉትን ጥቂቶች ካባረረ ማን ሊቀረው ነው?

ትዕቢቱንም ልንገራችሁ። ያኔ የማይክሮሶፍት አለቃ የነበረው ስቲቭ ባልመር አይፎን በ2007 ሲወጣ በቴሌቪዥን ከት ብሎ ስቆበታል፤ ቁልፍ የሌለውን ውድ ስልክ ማን ይገዛል ዓይነት። የራሳቸው መልስ ለገበያ የደረሰው በ2010 ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ። ያኔ ሥራው አለቀ ብለው የማይክሮሶፍት ሠራተኞች ሬድመንድ በሚገኘው ግቢያቸው ውስጥ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ለአይፎን ቀብር! አዎ፣ ትልቅ የአይፎን ምስል ይዘው በሬሳ መኪና የታጀበ ሰልፍ ወጡ። ብላክቤሪንም አብረው ቀበሩ። ቆሞ የሚሄድ ሰው ቀብረው ለቅሶ ተቀመጡ። በ2014 የኖኪያን የስልክ ክፍል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው ጠቀለሉ። በ2015 በዚሁ ግዢ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገቡ። በሁለቱ ዓመታት ከሥራ የተቀነሰው ሰው በአስር ሺዎች ይቆጠራል፣ አብዛኛውም ከኖኪያ የመጣው ነው። ፊንላንድ ውስጥ ስንት ቤት እንደጨለመ አስቡት።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ፤ ይሄ የአለቆቹ ጉድ ነው። የእኛ ብሶት ሌላ ነው።

ስልክ ቤት ትሄዳለህ። «ለሉሚያ ከቨር አለ?» «ለሳምሰንግ ነው ያለን ብራዘር።» ሁለተኛው ሱቅ እንደዚያው። አንዱ አዛኝ ልጅ የሌላ ስልክ የስክሪን ላስቲክ በመቀስ ልኩን ቆርጦ ለጠፈልኝ። ዳሩ ዚግዛግ ሆነ። የጆሮው ቀዳዳ ደግሞ ከጆሮው ጎን ዋለ፤ ሰው ሲያወራኝ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው የሚመስለው። ገንዘቡን ግን ሙሉ ነው የተቀበለኝ። ልሽጠው ብዬ ስሄድ ደግሞ ሻጩ ዋጋ እንኳን አልጠራም። «ይሄን ማን ይወስድልኛል?» ብሎ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

ከዚያ ባንኬ (ስሙ ይቅር) አፕ አወጣሁ ብሎ ግድግዳው ላይ በትልቁ ለጠፈ። ሄድኩ፣ ወረፋ ያዝኩ፣ ደረሰኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። ስልኬን ተቀበለችኝ። እነዚያን የሚገላበጡ ካሬዎች በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ፕሌይ ስቶሩ የታለ?»

«የለውም።»

«አይፎን ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

ጎኗ ላለው ልጅ አሳየችው። እሱም ገለበጠው፣ ጀርባውን አየ፣ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ በጣም በሚያሳዝን ድምፅ፣ «ለዚህኛው ስልክ አፕ የለንም። አንድሮይድ ቢይዙ ይሻላል» አለችኝ። ከኋላዬ የቆሙት አባት ሰምተው «ምነው ልጄ፣ ተበላሸብህ?» አሉኝ። ኧረ ምንም አልሆነም አባቴ! ስልኩ ይሠራል! ዓለም ነው የተበላሸው! ብዬ መጮኽ አማረኝ። «አይ፣ ሰላም ነው» ብዬ ወጣሁ።

አያችሁ፣ ችግሩ የጨዋታ አፕ አይደለም። ስልክ የባንክ ደብተር ሲሆን፣ ታክሲ መጥሪያ ሲሆን፣ ዱባይ ወይ ቤሩት ካለች እህትህ ጋር መገናኛ ሲሆን፣ አፕ ማጣት ከሰው መነጠል ነው። በ2017 የዊንዶውስ ፎን ፊት ሆኖ የኖረው ጆ ቤልፊዮሬ ለስልኩ አዲስ ነገር መሥራት ትኩረታችን አይደለም ብሎ ጻፈ። ራሱም ወደ አንድሮይድ ዞሮ ነበር። እንዲህ ነው እንግዲህ! እኛን እዚያ ያስገባን ሰውዬ ቀድሞን ወጣ። በ2019 መጨረሻ ዋትስአፕ በዊንዶውስ ፎን ላይ መሥራት አቆመ። በ2020 መጀመሪያ የማይክሮሶፍት የደህንነት ማሻሻያም ቆመ። ቢል ጌትስ በ2019 በአንድሮይድ መቀደማቸው ከትልልቅ ስህተቶቹ አንዱ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ፣ የ400 ቢሊዮን ዶላር ጉዳይ ነው እያለ። ተመስገን፣ እሱስ ጎደለበት አይባልም።

ዊንዶውስ ፎን ብቻውን አይደለም የሞተው። ብላክቤሪ 10 ሞተ። ፋየርፎክስ ኦኤስ (ኦኤስ ማለት ስልኩን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው) ሞተ፤ ከእሱ የተወለደው ካይ ኦኤስ ቁልፍ ያላቸው ስልኮች ላይ ተጠግቶ ቆየ። ከአንድሮይድና ከአይፎን ሌላ ቆሞ የታየኝ የሁዋዌው ሃርመኒ ኦኤስ ነው፤ እሱም ቻይና ውስጥ። አሜሪካ በ2019 ሁዋዌን ከጉግል ስትለየው ቻይና ውስጥ ብዙም አልተጎዳም፤ እዚያ ድሮም የጉግል አገልግሎት የለም፣ ሰው የሚጠቀመው የአገሩን አፕ ነው። ቻይና ወጣ ሲል ግን ያው ነው። እዚህ አዲስ አበባ ጉግል የሌለበት ሁዋዌ የገዛ ወዳጄ አፕ ለማስጫን ስልኩን ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር አይቼዋለሁ። ወዳጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ።

ስለዚህ ይሄን የምታነቡ የባንክ፣ የትራንስፖርት፣ የአገልግሎት አፕ የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ፣ አንድ ነገር እለምናለሁ። ለእያንዳንዱ ስልክ አፕ ሥሩ አላልኩም፤ እሱን ማይክሮሶፍትም በዶላሩ አልቻለው። ግን አፑ የሚሠራውን ሥራ ድረ ገጻችሁም ላይ አድርጉት፣ በየትኛውም ብራውዘር ይከፈት። ቴሌብር እኮ *127# ተመትቶ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም ይሠራል። ይቻላል ማለት ነው። ደግሞ ይሄ የእኔ ዓይነት ግትር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው የአክስቴን ስልክ አየሁት፤ አንድሮይድ ነው፣ ንጹሕ፣ ጭረት የለበትም፣ ትንሽ ቆየት ያለ ብቻ ነው። የባንኩ አፕ ሲከፈት «ይህ ስልክ አይደገፍም» ይላል። አክስቴ እስካሁን ኔትወርክ ነው እያለች ሲም ካርዱን እያወጣች ትመልሳለች። እኔ ልንገራት ወይስ ባንካችሁ ይነግራታል?