ጋፋትን በመድፉ ብቻ አንወቀው

ጋፋት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚያች መንደር የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። መድፉ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ጋፋት የሚባል ሕዝብ እንደነበረስ ስንቶቻችን ሰምተናል?

ነበረ። የቀድሞ አገሩ ከአባይ ወዲህ፣ በደቡብ በኩል ነው። ከአማርኛና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ የራሱ ቋንቋ ነበረው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ሲሰፋ ብዙው ጋፋት አባይን ተሻግሮ ጎጃም ገባ። እዚያ ቀስ በቀስ አማርኛ ተናጋሪ ሆነ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ጎንደር በነበረበት ጊዜ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሟል። ጽሑፉ ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1947 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ጎጃም ውስጥ ብዙ ደክሞ ያገኘው የጋፋትኛ ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነበር። አራት!

ስለዚህ ሕዝብ ጥሩ አድርገው ከጻፉልን አንዱ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው። እሳቸውን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ከ1270 እስከ 1527 ስለነበረው ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው ነው። የነገሥታትና የገዳማት ታሪክ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ግን ሁለት ጥናቶች አወጡ። አንዱ ስለ ጋፋት፣ ሌላው ስለ አገው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ እነዚህን ሁለቱንም ቢያነብ ደስ ይለኛል። የሚጠይቁት ጥያቄ ዛሬ በጣም የሚያስፈልገን ነው። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ ብለው አያበቁም። አንድ ሕዝብ ከሌላው ጋር የሚቀላቀለው እንዴት ነው? በምን መንገድ፣ በስንት ዘመን? ይህን ነው የሚከታተሉት። ለምሳሌ አገው የሰሜኑ ሥልጣኔ ዳር ተመልካች አልነበረም። የዛግዌ ነገሥታት፣ እነ ላሊበላ፣ አገው ናቸው።

የዛሬው የታሪክ ክርክራችን ግን የሁለት ወገን ጠብ ሆኗል። አንዱ ወገን ታሪካችን አንድ ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን እያንዳንዱ ሕዝብ ለየብቻው የቆመ ታሪክ አለው ይላል። ጋፋት በሁለቱም በኩል ቦታ የለውም። ለመጀመሪያዎቹ ትንሽ ነው፤ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ይታለፋል። ለሁለተኛዎቹ ደግሞ ዞን የለው፣ ባንዲራ የለው፣ የምክር ቤት ወንበር የለው። የሚከራከርለት ሰው የለም። የልጅ ልጆቹ ጎጃም ውስጥ እያረሱ ነው፤ ከጎረቤቶቻቸው የሚለያቸው ነገር የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ይቺን አገር የሠራት ዋናው ነገር ይኸው መቀላቀል ነው። እሱን የዘለለ ብሔራዊ ታሪክ ግማሹን ጥሎታል።

ታዲያ ይህን ታሪክ ከየት እናገኘዋለን? ዜና መዋዕል ጸሐፊው የንጉሡን ድንኳን ነው የሚከተለው። ትናንሽ ሕዝቦች ጸሐፊ አልነበራቸውም። ለእነሱ መሄድ ያስፈልጋል፤ በእግር መሄድ። ሰከላ፣ ግሽ አባይ፣ ምንጩ ጋ የሚሄድ ሰው ዛሬ የሚያየው ጠበል ለመጠጣት የመጣ ምዕመን ነው። ጻድቁ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ በኋላ ሳይርሱ መልሰው እንዳገኙ ይተረክለታል። ብሩስ በኖቬምበር 1770 እ.ኤ.አ. እዚያው ሲደርስ ያገኛቸው ሰዎች አገዎች ነበሩ፤ ለምንጩም የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ቅድስናው ያው ነው፣ ምንጩም ያው ነው፣ ጸሎቱ ነው የተለወጠው። ይህ እዚያው ረግረጉ ዳር ቆመው ሲያዩት የሚገባ ነገር ነው።

ጣናም እንደዚያው ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ፣ የአባይን ሸለቆ ተከትሎ ሄዶ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣ። ስለ ወይጦም ጽፏል። ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ጉማሬ ያድኑ የነበሩ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። ጉማሬ ስለሚበሉ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲርቃቸው ኖሯል። የጥንት ቋንቋቸው በወግ ሳይመዘገብ ጠፍቷል፤ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ባሕር ዳር ላይ ዳርቻው በሆቴልና በመናፈሻ እየተያዘ፣ ደንገሉም እየሳሳ ነው። ደንገሉ ሲያልቅ ታንኳው፣ ታንኳው ሲቀር ሙያው ይሄዳል።

አሁን በጎጃም መንገድ እንደልብ መሄድ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ያሳዝናል። ግን አዲስ አበባም አለች። ቀጨኔ ውጡ። የሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች ሲሠሩ ተመልከቱ። መዘውር የላቸውም። ጭቃውን አቡክተው፣ በእጃቸው ብቻ ዙሪያውን እየሳቡ፣ በለስላሳ ድንጋይ እየፈተጉ የጀበና አንገት ያወጣሉ። ጎንበስ እንዳሉ፣ ቀና ሳይሉ። እኛ ቤት ቡና የፈላው፣ እንጀራ የተጋገረው በእነሱ እጅ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ቤተሰቦች የሰሜን ሸዋ የባለእጅ ዘር ናቸው፤ ከቤተ እስራኤል ጋር እንዛመዳለን የሚሉም አሉ። ውለታችን ምን ነበር? «ቡዳ» ብሎ መሸሽ፣ ጋብቻ መከልከል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ስድቡ ግን አዋጁን ተሻግሮ እኛ ዘመን ደርሷል። በመጽሐፍ ያነበብነው የመገለል ታሪክ ከፒያሳ በታክሲ ትንሽ ደቂቃ ነው።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የሚል የጋራ ትምህርት አላቸው። ስለ ይዘቱ ብዙ ተጨቃጭቀናል። ማን ገባ፣ ማን ቀረ እየተባለ ገጽ ተቆጠረ። እኔ የምለው ሌላ ነው። በየሴሚስተሩ አንድ ቀን ከክፍል ይውጡ። የአዲስ አበባዎቹ ከቀጨኔ በባሕር ዛፉ መሐል እንጦጦ ድረስ ይሂዱ። የኮንሶና የጌዴኦ ልጆች እርከኑንና የእንሰቱን ማሳ ይዙሩ፤ ሁለቱም በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፣ ኮንሶ በ2011፣ ጌዴኦ በ2023 እ.ኤ.አ.። የሄዱበትን ይጻፉ፤ ነጥብም ይያዝበት። ቀጨኔ ላይ የሚያስረዱት ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። የቀን ሥራቸውን ትተው ነውና የሚያስተምሩት፣ ዩኒቨርሲቲው እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህር ይክፈላቸው።