በርበሬ አፍንጫችንን አልቆረጠውም፣ የወይኑን ስም ሜኑ ላይ መልሱ

ሰሞኑን እኛ ሰፈር፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን ስትወጡ መንገድ ዳር ያለ አንድ ትልቅ ሬስቶራንት ሜኑውን ቀይሯል። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ እያለ የወይን ዘሩን በየስሙ ይዘረዝር የነበረው ገጽ የለም፣ አሁን ያለው ቀይ ደረቅ፣ ቀይ ጣፋጭ፣ ነጭ፣ በቃ አለቀ። ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን ባለቤቱ ኤፍኤም ላይ ቀርቦ ምክንያቱን ሲጠየቅ ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር የወይን ዘር መርጦ የሚያዝ ሰው የለም፣ ደሞ በበርበሬ ያደገ ምላስ ሜርሎን ከሲራ አይለይም አለ፣ ጋዜጠኛው ሳቀ፣ አብሮት የነበረው እንግዳ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ነጭ ወይን ቀይ ቀለም ተደርጎበት ሲቀርብ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተሸውደዋል ብሎ አጸናለት። አንድም ሰው ቆይ እስቲ ያለ የለም።

መጀመሪያ የበርበሬውን ወሬ እንጨርስ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። በርበሬ የሚያቃጥለን ሙቀትና ህመም የሚያስተላልፈውን ነርቭ ስለሚቀሰቅስ ነው፣ ጣፋጭ ከመራራ የሚለየው የምላስ ክፍል ሌላ ነው፣ እሱን ገድሎ አይሄድም። ከዛ በላይ ደሞ አንዱን የወይን ዘር ከሌላው የሚለየው ነገር አብዛኛው ሽታ ነው፣ ከብርጭቆው የምናሸተው ብቻ ሳይሆን ስንውጥ በጉሮሮ ጀርባ ወደ አፍንጫ የሚወጣውም ጭምር። እና በርበሬ አፍንጫችንን መቼ ነው የቆረጠው? ገና በር ላይ ቆሞ ቅቤው ቆይቷል፣ ሽንኩርቱ በደንብ አልተቁላላም፣ ኮረሪማው በዝቷል የሚል ሰው በየቤቱ ባለበት አገር እንዲህ ብሎ በራዲዮ መናገር ድፍረት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ደሞ የሚገርመኝ ይሄ የሚባለው በጠጅ አገር ነው። ከሬስቶራንቱ ብዙም ሳይርቅ ጠጅ ቤት አለ፣ ወደ ዱከም ስትሄዱም ሞልቷል፣ ገብታችሁ ከአባቶቹ ጎን ተቀመጡና አዳምጡ። አንዱ ብርሌውን ብርሃን ላይ ያነሳል፣ ያሸታል፣ ትንሽ ይጎነጫል፣ ከዛ ይፈርዳል፣ ይሄ ጌሾው በዝቷል፣ ይሄ ገና አልደረሰም ብርዝ ብርዝ ይላል፣ ይሄ ደረቅ ነው ለዛሬ ይሁን፣ ይሄ ደሞ ማር ሳይሆን ስኳር ነው አንሱልኝ። ስኳር የገባበትን ጠጅ በአንድ ጉንጭ ነው የሚይዙት፣ ማንም ኮርስ አልሰጣቸውም። ማሩንስ ቢሆን? የብሳና ማር መረር እንደሚል፣ የገተም ማር ነጭ ሆኖ ለስለስ እንደሚል፣ የግራዋው ጠቆር ብሎ ጠንከር እንደሚል፣ የአደይ አበባው በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ የሚነግራችሁ ገበሬ እኮ እዚሁ ዙሪያችን ነው ያለው፣ ንቡ የቀሰመው አበባ ተቀየረ ማለት ማሩ ተቀየረ ማለት ነው፣ ማሩ ከተቀየረ ጠጁ ይቀየራል፣ ጠጅ ጣይዋ ይሄን ታውቃለች፣ ጠጪውም ያውቃል፣ ሻጩ ዋጋ የሚቆርጠውም በዚሁ ነው። ይሄን ሁሉ የሚለይ ሰው ሁለት የተለያየ ወይን ፊቱ ሲቀርብለት በድንገት ይደነዝዛል የሚለኝ ካለ ማስረጃውን ያምጣ። የጠጅ አዋቂ ምላስ የወይን አዋቂ ምላስ ነው፣ ስሞቹን ብቻ ነው የሚጎድለው፣ ስሙን ደሞ የሚማረው ከሜኑ ላይ ነው። ያንን ነው አንስተው የጣሉት። እኔ እንደውም በዓለም ላይ ከኛ ጠጅ ጠጪ የተሻለ ለወይን ቅምሻ የተዘጋጀ ሰው የለም ባይ ነኝ፣ ጌሾን ለለመደ ሰው የወይን መራራነት አዲስ አይደለም፣ ማር ለለየ ሰው የወይን ሽታ ሩቅ አይደለም።

ልዩነቱ ደሞ ረቂቅ ምናምን አይደለም፣ አፍ ውስጥ የሚያዝ ነው። ካቤርኔ ሶቪኞን ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው፣ የቀይ ወይን ቀለሙም ድድ የሚያደርቀው ታኒኑም ባብዛኛው ከልጣጩ ስለሚወጣ ያን ወይን ስትጎነጩ አፋችሁ ጭምድድ ይላል፣ ፍሬው በደንብ ሳይበስል ከተለቀመ ደግሞ ቃሪያ ቃሪያ ይሸታል፣ አዎ የምናውቀው ቃሪያ። ሜርሎ ቀደም ብሎ ይበስላል፣ ታኒኑ ለስለስ ያለ ነው፣ ወደ ፕሪም የሚጠጋ ሽታ አለው። ሲራ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፣ እና ይሄ የገጣሚ ቃል እንዳይመስላችሁ፣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ሮቱንዶን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወይኑ ውስጥም ቁንዶ በርበሬው ውስጥም አግኝተውታል። እዛው ጥናት ላይ ከተሞከሩት ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሽታውን ጭራሽ አልለየውም፣ እነሱም ምላሳቸው በበርበሬ ስለተቃጠለ ነው? ሰው በተፈጥሮው ይለያያል፣ አለቀ፣ ለዚህ ብሎ ሙሉ ህዝብ ላይ አይፈረድም። ሻርዶኔ ደሞ ራሱ የሚጮህ ሽታ የለውም፣ የበቀለበትን አየርና የቆየበትን በርሜል ነው የሚያሳየው፣ አንዳንዱ ቅቤ ቅቤ የሚለው ደሞ ሲጠመቅ ባክቴሪያ አሲዱን ስለሚያለዝበው ነው።

የፈረንሳዩ ታሪክ እውነት ነው፣ ግን የተባለውን አይልም። ቦርዶ ላይ የተሠራው ያ ሙከራ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ፣ የተሞከሩት 54 ነበሩ፣ የወይን ሥራ ተማሪዎች፣ ቀለም የተጨመረበትን ነጭ ወይን አሽትተው በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። ይሄ የሚያሳየው ዓይን አፍንጫን እንደሚመራ ነው። ሜርሎን ከሲራ ለዩ ያላቸው የለም እኮ። ዓይን እንዳያታልል ከተፈለገ ጥቁር ብርጭቆ አለ፣ በቃ ይሸፈን። ደሞ ስም መሸፈን ከተነሳ በ1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የፈረንሳይ ዳኞች ስሙ ተሸፍኖባቸው የካሊፎርኒያን ወይን አንደኛ አደረጉ፣ ግን ያኔም ሻርዶኔ ከሻርዶኔ ጋር፣ ካቤርኔውም ከካቤርኔና ከቦርዶ ቀዮች ጋር ነው የቀረበው። ተሸፍኖ የወደቀው የአገር ዝና ነው፣ የወይን ዘር የሚባለውን ነገር ከንቱ ያለ ማንም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ለምንድነው ደንበኛው ደረቅ ወይን አልወደደም የተባለው? እንዴት ነው የሚቀርበው ብላችሁ ጠይቁ። ቀዩ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ እንዲህ የሞቀ ወይን አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ሌላ መጠጥ ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ ሳምንት ሊሞላው ይችላል፣ አየር የገባበት ወይን ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ከዛ ካቤርኔውን ከዶሮ ወጥ ጋር ያቀርቡታል፣ በርበሬ ደሞ ታኒኑንም አልኮሉንም ያባብሰዋል፣ አፍ ይነዳል፣ ሰውዬው ኮካ አምጡ ይላል፣ ቀላቅሎ ይጠጣል፣ ባለቤቱም አያችሁ አይገባውም ይላል። ያንን ካቤርኔ ጮማ ካለው ጥሬ ሥጋ ጋር ስጡት እስቲ፣ ስቡና ፕሮቲኑ ታኒኑን ይዞ ያለሰልሰዋል፣ ሲራውን ከጥብስ ጋር፣ ሻርዶኔውን ቀዝቀዝ አድርጎ ከባቱ ቆሮሶ ጋር። ያኔ ኮካ የሚጠራ ካለ እንነጋገራለን።

ባቱን ካነሳን አይቀር፣ ከኛ ሰፈር በሞጆ በኩል ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ እኮ ነው ወይኑ የሚበቅለው። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለት፣ ከባህር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ግንዱን የሚያስተኛ በረዷማ ክረምት ስለሌለ በመግረዝ ብቻ እየተመራ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪፍት ቫሊ እየተባለ በየዘሩ ተለይቶ ጠርሙስ ይገባል። ያለማው ሰው ሜርሎውን ለብቻ፣ ሲራውን ለብቻ ተክሎ፣ ለብቻ ለቅሞ፣ ለብቻ ጠምቆ፣ ስሙን ጠርሙሱ ላይ ጽፎ ይልካል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ቀይ ደረቅ ይባላል። የሠራተኛው ድካም መንገድ ላይ ቀረ ማለት እኮ ነው።

ጣፋጭ የሚወድ ጣፋጩን ይጠጣ፣ አክሱሚት ለዘመናት የጠጣ ቤተሰብ አለ፣ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ምርጫውን ደንበኛው ሳያውቅ ከሚወስድበት ጋር ነው። ወደዚህ የመጣው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ነው፣ ቤት ኪራይ ገፍቶት ነው፣ ከፒያሳ ከካዛንቺስ የመጣው ሰው አፍንጫውን እዛ ትቶ አልመጣም፣ ከድሮም እዚህ የነበረው ገበሬ ደሞ ማርና ጠጁን ከሁላችንም በላይ ያውቃል።

እና ለባለቤቱ የምለው ይሄን ነው፣ አስተናጋጆችህ ጠርሙሱ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ ይጻፉ፣ ቀዩን ከፀሐይ አውርደው ጥላ ቦታ ያስቀምጡ፣ ያዘዘ ሰው ሲመጣ ከሜርሎውም ከሲራውም ለቅምሻ ትንሽ ትንሽ ቀድተው ስማቸውን እየነገሩ ያቅርቡለትና የቱን እንደሚፈልግ እሱ ራሱ ይምረጥ።